ኮሎኔል «ገና ነው»

በየቢሮው፣ በየመንደሩ፣ በየቤተ ዘመዱ አንድ «ገና ነው» ባይ አይጠፋም። ማዕዱ ቀርቦ ሁሉም እጁን ሲዘረጋ፣ ጨው መኖሩን የሚጠይቅ እሱ ነው። ሙሽራዋ ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ስትደርስ ሰማዩን አንጋጦ አይቶ «ዝናቡ ሳይጥል አይቀርም» የሚልም እሱ ነው። ሻንጣውን ከሁሉ ቀድሞ ያስራል፤ ባቡሩ ላይ የሚሳፈረው ግን ከሁሉ መጨረሻ ነው። ሲሞት እንኳ ቄሱን ሁለት ሦስቴ ሳይመልስ የሚሞት አይመስለኝም። እንዲህ ያለውን ሰው ዘመድ እንደ ክረምት ጭቃ ችሎት ይኖራል። አንዳንዴ ግን መንግሥት ይሾመዋል፤ ያን ጊዜ ነው ጉዱ የሚፈላው።

የኛው «ገና ነው» ባይ ክቡር ኮሎኔል ኤቫሪስቶ ፓንካልዲ ነበሩ። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1942 ጸደይ፣ ከሮም ወጣ ብሎ ባለ ኮረብታ ላይ፣ ከአንድ መስፍን በተወሰደ ቪላ ውስጥ ተሰብስበን እንግሊዞች የያዟትን ደሴት፣ ማልታን፣ ከሰማይ የምንወርርበትን ዕቅድ እናወጣ ነበር። እኔ መቶ አለቃ ነበርኩ። ሥራዬ ካርታ መስቀል፣ እርሳስ መቅረጽና ጀርመንኛ ስለምችል ማስተርጎም ነው። መስፍኑ ቢሊያርድ የሚጫወቱበት ጠረጴዛ ላይ ደሴቲቱ በጂፕሰም ተሠርታ ተጋድማለች። ጄኔራላችን የሲጋራቸውን አመድ የሚያራግፉት ከደሴቲቱ ዋና ወደብ ላይ ነበር።

ክቡር ኮሎኔል የሞዴና ሰው ናቸው፤ አጭር፣ ቦርጫም፣ ሆዳቸውን በሰኔ ሙቀት ሳይቀር በሱፍ መቀነት የሚጠመጥሙ። በሕይወታቸው የሚፈሩት ጠላት አንድ ነው፤ እሱም ነፋስ። ሁለት መስኮት ፊት ለፊት ተከፍቶ ካዩ ስብሰባ ያቋርጣሉ። ከጀርመኖቹ በኩል የተላከው ሻለቃ ሬንከ ደግሞ ንጹሕ አየር ካላገኘ ማሰብ የማይችል ሰው ነበር። ሻለቃው ይከፍታል፤ ኮሎኔሉ ተነስተው ይዘጋሉ። የሁለቱ መንግሥታት ወዳጅነት ከዚያ ክፍል በላይ የተፈተነበት ቦታ ያለ አይመስለኝም።

ዕቅዱ ሲታይ ቀላል ነው። አየር ወለዶቹ ደሴቲቱ ደቡብ ላይ ይወርዳሉ፣ አውሮፕላን ማረፊያውን ይይዛሉ፣ ከዚያ መርከቦቹ የቀረውን ጦር ያመጣሉ። ይህን በአንድ ከሰዓት በኋላ ጽፈን ጨርሰን ነበር። ከዚያ ክቡር ኮሎኔል መነጽራቸውን አድርገው ማንበብ ጀመሩ።

«ውሃስ?» አሉ።

«የምን ውሃ?» አሉ ጄኔራሉ።

«ደሴቲቱ ወንዝ የላትም። ልጆቹ በሰኔ ወርደው ምን ሊጠጡ ነው?»

ጄኔራሉ የጠላትን ውሃ ይጠጣሉ አሉ። ኮሎኔሉ ጠላት ጉድጓዱን ቢደፍነውስ ብለው ጠየቁ። ዕቅዱ ተመለሰ፤ ውሃ ተጨመረበት። በሳምንቱ የተጎዱትን ሰዎች ማን ይሸከማል አሉ። ተመለሰ፤ ቃሬዛ ተሸካሚ ተጨመረበት። ቀጥሎ የካህናቱ ጉዳይ መጣ፤ አንድ ቄስ አብሮ ይዘላል ወይስ በመርከብ ይከተላል? ቄሱ ራሳቸው ተጠርተው ተጠየቁ፤ በመርከብ መከተሉን መረጡ። ሰዎቹ ተሰላችተው ኮሎኔሉን በመጠሪያ ስማቸው መጥራት ተዉ። «ኮሎኔል ገና ነው መጥተዋል?» ይባባላሉ።

ቀን መቁረጡ ላይማ እንደ እሳቸው ያለ ሰው አልተፈጠረም። ጄኔራሉ ጨረቃዋ የምትመችበትን ሌሊት አስልተው አንድ ቀን ይቆርጣሉ። ኮሎኔሉ ከኪሳቸው የቅዱሳን ሥዕል ያለበትን ትንሽ የቀን መቁጠሪያ ያወጣሉ፤ ዓርብ ሆኖ ይገኛል። በዓርብና በማክሰኞ ጋብቻ አይፈጸምም፣ መንገድም አይጀመርም። ይህን የማያውቅ የጣሊያን ልጅ የለም፤ ጄኔራሉም ያውቃሉ። ሳቅ ብለው ሌላ ቀን ይቆርጣሉ። እሱ ደግሞ አሥራ ሰባተኛው ቀን ይሆናል፤ አሥራ ሰባት በኛ አገር ገደ ቢስ ቁጥር ነው፣ እንደ እኔ ያለው እንኳ አይደፍረውም። ሁላችንም የተማርን ሰዎች ነን፣ ማናችንም በዚህ አናምንም፤ ብዕሩን አንስቶ የሚፈርም ግን አይገኝም።

ሻለቃ ሬንከ በጣም ግራ ተጋባ። ይህ ክልከላ ከማን የመጣ ትእዛዝ እንደሆነ እንድጠይቅለት ነገረኝ፤ ጠየቅኩ።

«ከእናቴ» አሉ ኮሎኔሉ።

እንዳለ ተረጎምኩለት። ሻለቃው ጥቂት አሰበና ማዕረጋቸው ምን እንደሆነ ጠየቀ።

ከዚያ የግድግዳው ነገር መጣ። አውሮፕላኖች ደሴቲቱን ከላይ ፎቶ አንስተዋት ነበር፤ ፎቶው ላይ እንደ ሸረሪት ድር የሚሄዱ ቀጫጭን መስመሮች ሞልተዋል። አንዳንዱ መንገድ ነው አለ፣ አንዳንዱ ቁጥቋጦ ነው አለ። ኮሎኔሉ አጉሊ መነጽር ይዘው ሁለት ቀን ዋሉበት፤ ከጦርነቱ በፊት እዚያ ይነግድ የነበረ አንድ የሲሲሊ ሰውም አስመጥተው አነጋገሩ። የድንጋይ ካብ ነው። እዚያ ገበሬው መሬቱን እንደ መሐረብ እየቆራረጠ በየዙሪያው ደረቅ ድንጋይ ይክባል፤ ደሴቲቱ ሙሉ እንዲያ ናት።

የኛ ፓራሹት ደግሞ አመል አለው። ገመዱ የሚያያዘው ከወገብ ጀርባ ነው። ልጁ ድመት ማጅራቷን ተይዛ እንደምትንጠለጠለው ተደፍቶ ይወርዳል፤ አቅጣጫውን መምራት አይችልም፤ መሬት ሲደርስ በእጁና በጉልበቱ ይደፋል። ለስላሳ ሜዳ ላይ ምንም አይደለም። ክቡር ኮሎኔል ግን ይህን በቃል ማስረዳት አልበቃቸውም። በመስፍኑ አትክልት ቦታ የድንጋይ ካብ አስካቡ፣ ከበለስ ዛፍ ላይ ገመድ አንጠለጠሉ፣ በሃምሳ ሰባት ዓመታቸው፣ ከነቦርጫቸው፣ ተደፍተው ወረዱ። ጄኔራሎቹ ከሰገነት ላይ ቡናቸውን እየጠጡ ያያሉ። ኮሎኔሉ ካቡ ላይ በደረታቸው አረፉ። ስናነሳቸው ቁርጭምጭሚታቸው አብጧል፣ አገጫቸው ደም በደም ነው። ሰገነቱ ላይ የነበረው ሁሉ እንባው እስኪፈስ ሳቀ፤ እኔም ሳቅኩ።

እሳቸው እያነከሱ ወደ ሰገነቱ ወጡ።

«ይኸው አየነው» አሉ፤ «እኔ የወረድኩት ከበለስ ነው፤ ማንም አልተኮሰብኝም።»

«ጦርነት እኮ ነው ኮሎኔል» አሉ ጄኔራሉ። «የሚሰበረው ይሰበራል።»

«ይሰበር። ስንት እንደሚሰበር ግን አውቀን እንላከው። ገና ነው።»

በኔ በኩል ነገሩ ቀልድ አልነበረም። ታናሽ ወንድሜ ኔሎ አየር ወለድ ነበር። ታርኩዊኒያ ካለው ማሠልጠኛ ወጥቶ ያቺ ደሴት ላይ ለመውረድ ከሚጠብቁት ልጆች አንዱ ነው። ቤታችን ያለው እዚያው ቅርብ ቱስካኒያ ስለሆነ እሑድ እሑድ ፈቃድ ስናገኝ እናታችን ዘንድ እንገናኛለን። ነገሩ የመጨረሻው ጥብቅ ምስጢር ስለነበር ለእሱ እንኳ ትንፍሽ አላልኩም። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው እንዲሉ፣ ምስጢሩን የማያውቅ የቀረሁት እኔ ራሴ ሳልሆን አልቀርም። ጢሜን የሚላጨኝ ሰውዬ ምላጩን ጉሮሮዬ ላይ አድርጎ በየትኛው ወገን እንደምንወርድ ጠየቀኝ።

አንድ እሑድ እናታችን ኤርሲሊያ ባቄላውን ከአሳማ ቆዳ ጋር ሠርታ አቀረበች። ኔሎ እየጎረሰ «ያ ሽማግሌህ መቼ ነው የሚለቀን?» አለኝ።

«የምን ሽማግሌ?»

«ገና ነው ነዋ! ሠፈሩ ሁሉ ያውቀዋል። እኔ ሳልዘል ጦርነቱ ቢያልቅ ምን ብዬ ነው ሰው ፊት የምቆመው?»

«እያኘክ አታውራ» አለችው እናቴ። ከዚያ ወደኔ ዞር ብላ፣ ድምጿን ዝቅ አድርጋ «ደሴቱ ካብ ብቻ ነው አሉ፤ እውነት ነው?» አለችኝ።

ከማን እንደሰማች ስጠይቃት ከዳቦ ጋጋሪው ነው አለች። ኔሎ ካብ ቢኖር ባይኖር ግድ እንደሌለው ነገራትና አገጯን ይዞ ሳማት። በቀጣዩ ሳምንት እናቴ ከከተማው ውጭ ኮረብታው ላይ ወዳለችው የእመቤታችን ቤተ ክርስቲያን ሄደች። ደረጃውን ከታች እስከ ላይ በጉልበቷ ወጣችው። ስለቷ አንድ ነው፤ ይህ የደሴት ነገር ይቅር። ልጁ ይትረፍ አላለችም፣ ጦርነቱ ይለቅ አላለችም። ሴትዮዋ ነገር ማብዛት አትወድም፤ የምትፈራውን ነገር ስም ጠርታ እሱን ብቻ ለመነች።

ቀረም። በጋው አጋማሽ ላይ ከላይ ትእዛዝ መጣ። በረሃው ላይ ታንኮቹ ቀንቷቸው ወደ ግብፅ እየገሰገሱ ስለሆነ ደሴቲቱ ለጊዜው አታስፈልግም ተባለ። ውሳኔው የተሰጠው ማናችንም ገብተን በማናውቅበት ክፍል፣ አይተናቸው በማናውቅ ሰዎች ነው። ክቡር ኮሎኔል ስለ ውሃው፣ ስለ ካቡና ስለ ነፋሱ ያቀረቡትን ማስጠንቀቂያ ያነበበ አንድም ሰው አልነበረም። ጄኔራሉ ዋናውን ቅጂ መስኮት እንዳይንኳኳ ወትፈውበት አግኝቼዋለሁ፤ በዚህ እንኳ ኮሎኔሉ ሳይደሰቱ አልቀሩም። የጂፕሰሟ ደሴት ወደ አትክልት ቦታው ወጣች፤ የዚያኑ ዕለት ከሰዓት በኋላ ጄኔራሎቹ ቢሊያርድ ተጫወቱ።

ኮሎኔሉ ብቻ አልተጫወቱም። ልጆቹ ወዴት እንደሚሄዱ ጠየቁ። አፍሪካ ተባሉ። ፓራሹታቸውስ? ይሰበሰባል፤ የሚሄዱት እንደ እግረኛ ነው።

«ለዚያኛውስ ዕቅድ ያወጣ ማነው?» አሉ።

ኳሶቹ ሲጋጩ ብቻ ይሰማል። ጥያቄውን ደገሙት፤ ጄኔራሉ የኮሎኔሉን ትከሻ መታ መታ አድርገው ገሸሽ እንዲሉ ለመኗቸው፤ ለመምታት የተዘጋጁበት ማዕዘን ላይ ቆመውባቸው ነበር።

ኔሎ በዚያው መኸር ሞተ። ምድረ በዳ ላይ፣ ጉድጓድ ውስጥ፣ ውሃም ጥይትም ካለቀባቸው ልጆች ጋር። አንድ ጊዜ እንኳ ጠላት መሬት ላይ አልዘለለም። መርዶውን ያመጣው የከተማው ሹም ደጃፋችን ላይ ቆቡን በእጁ እያዞረ ሲቆም እናቴ ባቄላ ትለቅም ነበር፤ ለቅማ ጨረሰች። ከዚያ ቀን ጀምሮ ግን ቤተ ክርስቲያን አልረገጠችም። ደወል ሲደወል መስኮት ትዘጋለች። ቄሱ ሊያጽናኗት ቢመጡ ጓዳ ገብታ ትቀመጣለች። እኔ ሐዘኑ መስሎኝ ነበር። ብዙ ቆይታ፣ አንድ ቀን ልብስ እያጠበች «የለመንኳትን ሰጠችኝ፤ ሌላ ምን ታድርገኝ?» አለችኝ። ያኔ ነው የገባኝ። ደሴቱን አስቀርታ ልጇን በረሃ የላከች እሷው ራሷ እንደሆነች ታምናለች። በክርክር ላስተዋት ሞከርኩ፤ ስለ ታንክና ስለ ግብፅ ነገርኳት። ሰማችኝ፤ ልብሱንም ማጠቧን አላቋረጠችም። እየከሳች፣ እየጠቆረች ሄደች። እናት በተረፈ ልጇ ፊት በቁሟ ስታልቅ ማየት ምን ማለት እንደሆነ የሚያውቅ ያውቀዋል።

ጦርነቱ አልቆ ሁለተኛው የሙታን መታሰቢያ ቀን ላይ፣ ከቪተርቦ የሚመጣው አውቶቡስ አንድ አጭር ሽማግሌ አወረደ። የሱፍ መቀነታቸውን ጠምጥመዋል፣ በእጃቸው ነጭ የመቃብር አበባ ይዘዋል። ክቡር ኮሎኔል ፓንካልዲ። ጡረታ ወጥተዋል፤ ስማቸውን የሚያውቋቸውን ልጆች እናቶች እየዞሩ እንደሚጠይቁ ነገሩኝ። እውነቱን ልናገር፣ ደስ አላለኝም። እናቴ ግን ወጥ ቤት አስገብታ አስቀመጠቻቸው፣ ወይን ቀዳችላቸው።

«የዚያ የደሴቱ ጉዳይ አለቃ እርስዎ ነዎት አሉ» አለች።

«ከአለቆቹ አንዱ ነበርኩ፣ ወይዘሮ ኤርሲሊያ።»

«ያኔ ቢሄዱ ኖሮ ልጄ ይተርፍ ነበር?»

እኚህን ሰው አውቃቸዋለሁ። ነፋሱ በየት በኩል፣ ጨረቃዋ ስንት ቀኗ፣ አውሮፕላኑ በምን ከፍታ ብለው ሳይጠይቁ ለጠቅላይ አዛዥ እንኳ መልስ ሰጥተው አያውቁም። እየጠበቅኩ ሳለ እናቴ ቀጠለች።

«ያስቀረሁት እኔ ነኝ። በጉልበቴ ሄጄ ይህን አስቀሪልኝ አልኳት። ልጄን ለበረሃ የሰጠሁት እኔ ነኝ።»

«አይደለም» አሉ ኮሎኔሉ።

ቃሏን ሳትጨርስ ነው ያሉት። በሕይወቴ እንዲህ ፈጥነው ሲናገሩ ሰምቼ አላውቅም።

«ያስቀረሁት እኔ ነኝ፣ ወይዘሮ ኤርሲሊያ። ጄኔራሎቹ ዝግጁ ነበሩ፣ ጀርመኖቹ ዝግጁ ነበሩ፣ ልጆቹ ዝግጁ ነበሩ። እኔ ነኝ ገና ነው፣ ገና ነው እያልኩ ጊዜውን የበላሁት። ጊዜው ሲያልፍ ወደ በረሃ ወሰዷቸው። እመቤታችን እዚህ ውስጥ የለችበትም። ልጅዎን ይጠይቁት፣ አብሮኝ ነበር።»

እናቴ ወደኔ ዞረች። ኮሎኔሉም አዩኝ። ወረቀታቸው መስኮት ሲወተፍበት የኖረ፣ ዶሮ እንኳ ማስቀረት የማይችሉ ሰው እንደነበሩ አውቃለሁ።

«እውነት ነው» አልኳት።

እናቴ ተነስታ የቀዳችላቸውን ወይን ከፊታቸው አነሳች። ወስዳ ወደ ማሰሮው መለሰችው። አበባውን ከደጃፍ ውጭ ጣለችው። እንግዳን፣ ያውም ሽበታም እንግዳን፣ ከ«እርስዎ» በታች ጠርታ የማታውቅ ሴት «ውጣ» አለቻቸው። ወጡ። በሩን ዘግታ እስከ ማታ ስትራገማቸው ዋለች፤ እያለቀሰች፣ እየጮኸች፣ ሳህን እያስቀመጠች እያነሳች። ከመርዶው ቀን ወዲህ ያለቀሰችው የመጀመሪያው ለቅሶ ነበር። በማግስቱ እሑድ ጥቁር ሻሿን አድርጋ ቅዳሴ ሄደች።

እኔ አውቶቡስ ማቆሚያው ድረስ ሸኝቻቸው ነበር። ለምን እንዲህ እንዳሉ ጠየቅኳቸው።

«እናትህ እመቤታችንን ጠልታ መኖር አትችልም» አሉኝ። «ራሷንም ጠልታ አትዘልቅም። እኔን ግን ትችላለች። እኔ ደግሞ ጡረተኛ ነኝ፤ ሌላ ሥራ የለኝም።»

ይህንንም ሥራ እንደ ሌላው ሥራቸው በጥንቃቄ ያዙት። በየዓመቱ የሙታን ቀን ከሞዴና ድረስ ይመጣሉ። አበባውን ኔሎ የሌለበት፣ ስሙ ብቻ የተጻፈበት ድንጋይ ሥር ያኖራሉ፤ ከዚያ ቤታችን ፊት ለፊት ካለው ምንጭ አጠገብ፣ ነፋሱ መሐል፣ አግዳሚው ላይ ይቀመጣሉ። እናቴ መጋረጃውን ገለጥ አድርጋ ታያቸዋለች። «ያ ቦርጫም መጥቷል?» ትላለች፤ ካልመጡ ትታመማለች ብዬ እፈራ ነበር። በሚገባ ትረግማቸዋለች፣ ጎረቤት ጠርታ ታሳያቸዋለች፣ በዚያች ቀን ምሳ በደንብ ትበላለች። የመጨረሻው አውቶቡስ ሲመጣ እሳቸው ባርኔጣቸውን ወደ መስኮቱ አንስተው ይሄዳሉ። በዓለም ላይ ከሟች አባቴ ቀጥሎ እንደ እኚህ ሰው የምወደው የለኝም፤ ይህን አንድም ቀን ነግሬያቸው አላውቅም።

ባለፈው ኅዳር፣ በሙታን ቀን፣ እናቴ አልጋ ላይ ነበረች። ሐኪሙ ጭንቅላቱን ነቅንቆ ከሄደ ሰንብቷል። ቀኑን ሙሉ ዝናብ ሲያወርደው ዋለ።

«መጥቷል?» አለችኝ።

«መጥቷል።»

«እየዘነበ ነው እኮ።»

«አዎ።»

ብርድ ልብሱን ወደ አገጯ ሳበች።

«አስገባው» አለች። «ወይን ግን እንዳትሰጠው።»

ወጥቼ አመጣኋቸው። ከባርኔጣቸው ውሃ ይንጠባጠባል፤ ወጥ ቤቱ ውስጥ ምድጃው አጠገብ አስቀመጥኳቸው። ቀዳሁላቸው፣ ብርጭቆው አፉ ድረስ እስኪሞላ። ማሰሮው ከብርጭቆው ጋር ሲነካካ እናቴ ከመኝታ ቤት ሰምታለች፤ ምንም አላለችም።